መሮና ማዕዘን፦ በአገራችን የእንጨት መጋጠሚያ ታሪክና ለሙያ ትምህርት ያለው ትርጉም

መግቢያ

በገጠር ትምህርት ቤቶች የሚዘዋወር ሰው ከመማሪያ ክፍሎች ጀርባ የተሰባበሩ ዴስኮች ተከምረው ማየቱ የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሥራ ምክንያት ከማሻ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በተዘዋወረበት ጊዜ ከእነዚህ ክምሮች አንዱን ቆም ብሎ ለመመርመር ዕድል አግኝቶ ነበር። ከተመለከታቸው ዴስኮች መካከል እንጨቱ ራሱ የተሰበረው ጥቂቱ ነው። አብዛኞቹ የተበላሹት በመጋጠሚያቸው ላይ ነበር። እግሩና አግዳሚው የሚገናኙበት ቀዳዳ ሰፍቷል፤ ቀዳዳውን ለማጥበቅ የተመታው ምስማር ዝጎ ወጥቷል፤ ምስማሩ የገባበትም ሥፍራ ተሰንጥቋል። እንጨቱ ደኅና ሳለ ዕቃው ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። በዚያው ግቢ ውስጥ ግን ልጆች በድንጋይና በጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ይህ ሁኔታ በመጀመሪያ ሲታይ የገንዘብ እጥረት ብቻ ይመስላል። ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ግን የዕውቀት ጉዳይም ሆኖ ይገኛል። መሮ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሣሪያ ነው። መሮውን የሚመራው ትንሽ ማዕዘን፣ አናጢዎቻችን ስኳድራ የሚሉት፣ በብዙ ሥፍራ ወይ ፈጽሞ አልገባም፣ ወይም ቢገባም ከመሮው ጋር አልተዋወቀም። ይህ ለምን ሆነ? አባቶቻችን ያለ ስኳድራ ለብዙ ዘመን የሚጸና ሥራ እንዴት ሊሠሩ ቻሉ? እኛስ ዛሬ ያለ እርሱ መሥራት ለምን አቃተን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በታሪክ መንገድ መርምሮ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመውን ማመልከት ነው።

1. በድንጋይ ክብደት የጸና መጋጠሚያ

በአገራችን ስለ እንጨት መጋጠሚያ በዓይን የሚታይ ማስረጃ የምናገኘው ከአክሱም ሥልጣኔ ነው። የአክሱም ሰዎች ታላላቅ ሕንፃዎቻቸውን የሚሠሩት ድንጋይና እንጨት በማፈራረቅ ነበር። ረዣዥም ጠርቦች በግንቡ ርዝመት ይጋደማሉ፤ እነዚህን የሚያቋርጡ አጫጭር ግንዶች ደግሞ ጎድጎድ ተደርገው ከጠርቦቹ ጋር ይናከሳሉ፤ ጫፋቸውም ከግንቡ ውጭ ብቅ ይላል። እነዚህ ብቅ ያሉ ጫፎች የዝንጀሮ ራስ በሚል ስም ይታወቃሉ። በሮቹና መስኮቶቹም አራት ማዕዘን መቃን ሲኖራቸው፣ በየማዕዘኑ ጠርቦቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ይያያዛሉ።

ይህ አሠራር ምን ያህል የተከበረ እንደ ነበር የሚያስረዳው በድንጋይ ላይ ጭምር መቀረጹ ነው። በአክሱም ቆሞ የሚታየው፣ ሃያ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት አንድ ወጥ ድንጋይ ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ በር፣ መስኮትና የግንድ ጫፎች ተፈልፍለውበታል። ድንጋዩ እንጨትን እንዲመስል ተደርጓል ማለት ነው። በትግራይ በደብረ ዳሞ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ በላስታ በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስም ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ሥርዓት በእውነተኛ እንጨት ያሳያሉ። በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ከአለት ሲፈለፈል የጠርቡን መስመር እየተከተለ ተፈልፍሏል።

እዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በእነዚህ ሕንፃዎች መጋጠሚያውን አጥብቆ የሚይዘው ምስማር አይደለም። ከላይ የተጫነው የግንብ ክብደት ነው። ጎድጓዳው ጥቂት ቢሰፋ እንኳ ክብደቱ ይጫነዋል፤ ጭቃና ድንጋይም ዙሪያውን ይሞላዋል። ስለዚህ ያ ዘመን ታላቅ የመሮ ጥበብ ቢኖረውም፣ የመጋጠሚያው ጽናት ከእንጨቱ ብቻ የሚጠበቅ አልነበረም።

ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር በጥንቱ የአማራ ግዛት ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነገሥታቱ እጅግ ያጌጡ አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩበት ነው። ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት መካነ ሥላሴ ከእነዚህ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ተቃጠለ። ድንጋይ ከእሳት ይተርፋል፤ እንጨት ግን አይተርፍም። የዚህ አገር አናጢዎች በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደ ተራቀቁ በእጅ ዳስሶ ለማወቅ የማይቻለውም ስለዚህ ነው።

2. በጠፍርና በሽብልቅ የጸና መጋጠሚያ

ከነገሥታቱ ሕንፃ ወደ ገበሬው ቤት ስንመጣ ሌላ ዓይነት ጥበብ እናገኛለን። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጠፍር አልጋ ነው። የጠፍር አልጋ አራት እግሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ሁለት ቀዳዳዎች በመሮ ይበሳሉ፤ በእነዚህም የርዝመቱና የወርዱ አግዳሚዎች ይገባሉ። ቀዳዳው ሴቴ፣ የሚገባው ጫፍ ወንዴ ሊባል ይችላል። አልጋው ከተገጣጠመ በኋላ እርጥብ የከብት ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየተወጠረ ይጠለፋል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም አራቱን አግዳሚዎች ወደ መካከል ይስባል።

በዚህም ምክንያት የቀዳዳው ግድግዳ ጥቂት ቢያጋድል፣ ወይም ወንዴው ጥቂት ቢቀጥን፣ ጠፍሩ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ቀሪው ክፍተት ካለም በሽብልቅ ይሞላል። አናጢው በዓይኑና በእጁ ግምት ብቻ እየሠራ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አልጋ ሊያወጣ የቻለው በዚህ ነው። የእርሻ መሣሪያውም እንዲሁ ነው። ሞፈሩ፣ ድግሩና ቀንበሩ የሚያያዙት በምራን፣ በወገልና በሽብልቅ ነው። መጋጠሚያው በጥቂቱ መላወሱ ለእርሻ ሥራ ጉድለት አይደለም። ማረሻው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ማሰሪያው ጥቂት እየሰጠ እንጨቱን ከስብራት ያድነዋልና።

ስለዚህ የቀድሞ አናጢዎች ትክክለኛውን ማዕዘን አያውቁም ነበር ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ያውቁ ነበር። ቤት ሲሠራ በገመድ ይለካል፤ ምሰሶው ቀጥ ማለቱ በቱንቢ ይታያል። ጸሐፊዎችም ብራና ላይ ከመጻፋቸው በፊት በወስፌ ነቁጠው መስመር ያወጣሉ፤ ያለ መስመር አንድ ፊደል አያሰፍሩም። በሥራቸው ላይ ትንሹ ማዕዘን ያልታየው መጋጠሚያው በሌላ ነገር ይያዝ ስለ ነበረ ነው። ማሰሪያ እስካለ ድረስ መሮው ፍጹም ቀጥ ብሎ መውረዱ ግዴታ አልነበረም።

3. የባለ እጁ ኑሮና የሙያው መተላለፍ

የመሣሪያን ታሪክ ከያዘው ሰው ታሪክ ለይቶ መመልከት አይቻልም። በአገራችን ባለ እጅ ለረጅም ዘመን ሲፈለግ የሚጠራ፣ ሥራው ሲያልቅ ግን የሚናቅ ሰው ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው በየስማቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁት ቤተ እስራኤል ለቤተ መንግሥት ቢሠሩም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል።

ንቀት ሙያን ያስደብቃል። የተናቀ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ በጽሑፍ አይሰፍርም፤ በአደባባይም አይማሩትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ባቋቋሙት ሥራ ቤት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችንም አብረው እንዲማሩ ማድረጋቸው ከዚህ አንጻር ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅደላ አምባ በብዙ ድካም ተጎትቶ ከደረሰ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲያልፉ ሥራ ቤቱም አብሮ ተበተነ። በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ሥልጠና ያ ሰው ሲያልፍ እንደሚያልፍ ከዚህ እንማራለን።

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂላችን ሰው በሥራው እንዳይታበይ የሚመክር መልካም ቃል ነው። ለመምህር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሙያው በልብ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ለተማሪው በምን ይደርሰዋል? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ጥያቄ በመካነ ሰላም አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ አቅርቦላቸው ነበር። እኒህ ሰው ያለ ምንም መለኪያ የበር መቃን ገጥመው ቀጥ ያለ በር ያቆማሉ። «መምህር፣ እኔ የምሠራው በዓይኔ ነው» አሉ። «ልጄ ግን በእኔ ዓይን ሊያይ አይችልም። እጁን ይዤ አሳየዋለሁ፤ ስለቀው ያጋድልበታል።» የጉዳዩ ፍሬ ነገር በእነዚህ ጥቂት ቃላት ተጠቃልሏል።

4. የምስማርና የስኳድራ መምጣት

ቃላት የታሪክ ምስክሮች ናቸው። በአናጢው ሣጥን ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች በስማቸው ብንመድብ በሁለት ይከፈላሉ። መሮ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ ምሳርና መዶሻ በአማርኛ ስማቸው የሚጠሩ ናቸው። ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ፒያላና ኮላ ግን ስማቸው ከጣልያንኛ የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ለመቁረጥ፣ ለመጥረብና ለመምታት ያገለግላሉ። የኋለኞቹ በአመዛኙ ለመለካት፣ አጥብቆ ለመያዝ፣ ለማስተካከልና ለማጣበቅ ናቸው። ይህ ክፍፍል ከውጭ የመጣው ነገር ምን እንደ ሆነ በግልጽ ያሳያል። እንጨትን መቁረጥ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነው እንጨቱ ያለ ማሰሪያ በገዛ ልኩ እንዲጸና ማድረግ ነው።

ማዕዘን መለኪያ በዓለም ላይ አዲስ መሣሪያ አይደለም። በግብፅ በዴር ኤል መዲና፣ ሰነጀም በተባለ ባለ እጅ መቃብር ውስጥ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቈጠረ የእንጨት ማዕዘን ተገኝቷል። ወደ እኛ አናጢዎች እጅ የገባው ግን አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ፣ የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የጣልያን ባለ እጆች በከተማ ሕንፃዎች ላይ ሲሠሩ፣ በኋላም በጣልያን ወረራ ዘመን በመንገድና በሕንፃ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲሰማሩ ነው።

ከስኳድራ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ነገር ግን ነበር፤ እርሱም የፋብሪካ ምስማር ነው። ምስማር ከቆርቆሮና ከባሕር ዛፍ ጋር ተያይዞ ከከተማ ወደ ገጠር ፈጥኖ ተሰራጨ። ስኳድራ ትምህርት ይፈልጋል፤ ምስማር መዶሻ ብቻ ይበቃዋል። በዚህ የተነሣ ብዙው የገጠር አናጢ ከጠፍር በቀጥታ ወደ ምስማር ተሻገረ፤ በመካከል ያለውን የትክክለኛ መጋጠሚያ ደረጃ ዘለለው። ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ምስማር ግን ዕቃው በተወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ባሕር ዛፍም ሳይደርቅ ከተሠራበት በኋላ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። በመግቢያው የተመለከትነው የዴስክ ክምር የዚህ ዝላይ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአገር በቀል ዛፎች መመናመንም ጉዳዩን አክብዶታል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ዋንዛ እንደ ልብ በሚገኙበት ዘመን የተበላሸ ሥራ ተጥሎ ሌላ ይጠረብ ነበር። ዛሬ በቦረናና በሳይንት መካከል ያለው የደንቆሮ ደን በብሔራዊ ፓርክነት የሚጠበቅ ቅርስ ሆኗል። እንጨት በተወደደበት ጊዜ በግምት የተበሳ ቀዳዳ የሚያጠፋው ጣውላ ትንሽ ኪሣራ አይደለም።

5. ትምህርት ቤቶቻችን መሮና ማዕዘንን እንዴት አስተማሩ?

ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በተለምዶ ተግባረ እድ የሚባለው፣ የእጅ ሙያ በአደባባይ፣ በደወልና በመምህር እንዲሰጥ ካደረጉት ተቋሞች ግንባር ቀደሙ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትም ከሌሎች ሙያዎች ጋር የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂን ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ የተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍሎችን ያዙ። በደሴም የወይዘሮ ስህን ስም ዛሬ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነት የሙያ ትምህርት መጠሪያ ሆኖ ይገኛል።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ትምህርትን ከምርት ጋር ማያያዝ የመንግሥት መርሕ ሆነ። በየአውራጃው በተቋቋሙት የማኅበረሰብ የሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ከገበሬ ማኅበራት የተላኩ ሰዎች አናጢነት፣ ብረት ሥራ፣ ግንበኝነትና ሽመና እየተማሩ ወደየመጡበት ይመለሱ ነበር። ሐሳቡ ሙያን ከቤተሰብ ምሥጢርነት አውጥቶ የሕዝብ ሀብት ማድረግ በመሆኑ ከታሪካችን አንጻር ትልቅ ትርጉም አለው። ነገር ግን መሣሪያ ሳይሟላ የሚሰጥ ሥልጠና ሰልጣኙን ወደ ቤቱ ሲመለስ ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ስኳድራውን በማሠልጠኛው ያየ ሰው በመንደሩ ካላገኘው ወደ ግምት ይመለሳል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያ ሥልጠናን ከአጠቃላይ ትምህርት ለይቶ በራሱ ፈርጅ አዋቀረው። ይህም የቴክኒክና ሙያ ተቋሞችን ሲያበዛ፣ የአንደኛ ደረጃውን ተማሪ ግን ከመሣሪያ አራቀው። በቅርቡ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት እንዲሰጥ በማድረጉ ጥያቄው እንደገና ከፊታችን ቀርቧል። ያለፈውን ስሕተት ላለመድገም ከየት እንጀምር?

6. ትንሹ ማዕዘን ለመሮው የሚሰጠው አገልግሎት

ስለ መሣሪያው ከመናገራችን በፊት ሥራውን በቅርብ እንመልከት። አንድ ወንዴ የሚገባበት ቀዳዳ ሲበሳ መሮው ሦስት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል፤ ከመስመር ይወጣል፣ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ወይም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዘነብላል። የስሕተቱን ክብደት ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። መሮው አንድ ዲግሪ ብቻ አጋድሎ ቢወርድ፣ በዚያ ቀዳዳ የሚገባው የአንድ ሜትር አግዳሚ ጫፉ ላይ ሲደርስ 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቦታው ይርቃል። አንድ ዲግሪ በዓይን አይለይም። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያለፈ መዛነፍ ግን ዴስክን ያናውጣል። ከአራቱ መጋጠሚያዎች ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ካጋደሉማ ዕቃው በኃይል ካልተጎተተ አይገጥምም፤ በኃይል የገጠመም ውሎ አድሮ ይለቃል።

ትንሹ ማዕዘን፣ ክንዱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው፣ እነዚህን ስሕተቶች የሚከላከለው በሦስት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ወፍራሙ ክንድ በእንጨቱ ጎን ላይ ተጠግቶ፣ በቀጭኑ ክንድ አጠገብ መስመሩ በስለታም ቢላዋ ይጫራል። የቢላዋ መስመር ከእርሳስ ይበልጣል፤ የመሮው ስለት በጭረቱ ውስጥ ራሱ ይቀመጣልና። መስመሩ በእንጨቱ በሁለቱም ፊት መውጣት ይገባዋል፤ ቀዳዳው ከሁለቱም ወገን ተጀምሮ በመካከል እንዲገናኝ። በሁለተኛ ደረጃ መሮው በእንጨቱ ላይ ሲቆም ማዕዘኑ አጠገቡ ይቆማል። ወፍራሙ ክንድ በእንጨቱ ላይ ያርፋል፤ ቀጭኑ ወደ ላይ ይቀናል፤ ተማሪው የመሮውን ቀጥ ማለት ከእርሱ ጋር ያስተያያል። አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከፊት ሆኖ መመልከት አለበት። ትልቁ ስኳድራ ለዚህ አይመችም፤ የመዶሻውን እጅ ያደናቅፋል። በሦስተኛ ደረጃ ቀዳዳው ካለቀ በኋላ ቀጭኑ ክንድ ወደ ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ይፈትሻል።

በአሠራሩም ቅደም ተከተል አለ። መሮው ከመካከል ይጀምራል፤ ከመስመሩ ጥቂት ርቆ ይቆፍራል፤ በመስመሩ ላይ የሚቆመው በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ምት በመስመሩ ላይ የቆመ መሮ በውስጥ ያለው እንጨት ወደ ውጭ ስለሚገፋው ከመስመሩ ያልፋል። በወንዴውም በኩል ትከሻው ዙሪያውን በማዕዘን ተጭሮ ካልተቆረጠ አንዱ ጎን ነክቶ ሌላው ክፍት ይቀራል።

ማዕዘኑ ራሱ እውነተኛ መሆኑን መፈተሽም ለተማሪ እጅግ ጠቃሚ ትምህርት ነው። ጠርዙ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ ማዕዘኑ ተጠግቶ አንድ መስመር ይጫራል። ከዚያ ማዕዘኑ ተገልብጦ በዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ይጫራል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑ ማዕዘኑ እውነተኛ ነው፤ ከተለያዩ የልዩነቱ ግማሽ የመሣሪያው ስሕተት ነው። መሣሪያው ከገበያ ካልተገኘም ከደረቀ ወይራ ሊሠራ ይችላል። አንዱን ጎን 30፣ ሌላውን 40 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ትልቅ ሦስት ማዕዘን በጣውላ ላይ በመሥራት፣ ሦስተኛው ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ እንደ ሆነ ይታወቃል። ትንሹ ማዕዘን ከዚህ ላይ ይቀዳል። የሒሳብ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚያስተምረው የፓይታጎረስ ሕግ በእጅ የሚያዝ ዕቃ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

7. ከሌሎች አገሮች ልምድ

እጅ ሥራን በትምህርት ቤት የማስተማር ዘዴ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በሁለት መንገድ ተቀርጿል። በሞስኮ የንጉሠ ነገሥት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቪክቶር ዴላ ቮስ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ ሙያውን ወደ ትንንሽ ልምምዶች ከፋፈለው። ተማሪው ዕቃ ከመሥራቱ በፊት መጋጠሚያዎችን አንድ በአንድ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይለማመዳል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላ በአሜሪካ ብዙ ተከታይ አገኘ። በሌላ በኩል ፊንላንድ በኡኖ ሲግኔዎስ አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1866 እጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስገባች። በስዊድንም ኦቶ ሳሎሞን በኔስ መምህራንን እያሠለጠነ ስሎይድ የተባለውን ዘዴ አስፋፋ። በዚህ መንገድ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቤት የሚጠቅም ዕቃ ይሠራል፤ ዕቃዎቹ ግን ከቀላል ወደ ከባድ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው።

ለእኛ ሁኔታ ከሁለቱም የሚወሰድ አለ። የልምምዱ መንገድ ዓይንንና እጅን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ተሠርቶ የሚጣል መጋጠሚያ ለእንጨት ችግረኛ ትምህርት ቤት ቅንጦት ነው። የስሎይድ መንገድ ልጁ ለቤቱ የሚወስደው ነገር ስለሚሰጠው የወላጅን ንቀት ይሰብራል፤ በርጩማ ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ልጅ ስለ ሙያ ክብር ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። ስለዚህ ልምምዱ በተሰበረ ዴስክ ላይ ቢደረግ ሁለቱ መንገዶች ይገናኛሉ።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የሙያ ትምህርት መሣሪያ ሲታሰብ ውድ ማሽን ከመፈለግ በፊት ለሁለት ተማሪ አንድ መሮና አንድ ትንሽ ማዕዘን እንዲደርስ ቢደረግ ጥቅሙ ይበልጣል። ማሽን መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መለዋወጫም ይፈልጋል። ማዕዘኑን ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊሠራው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህሩ ቢያንስ አንድ መጋጠሚያ በገዛ እጁ ሳይሠራ እንዳይመረቅ ቢያደርጉ መልካም ነው። ማዕዘንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስተማረ መምህር ተማሪው መሮውን ሲያጋድል ስሕተቱን አይቶ ሊያርመው አይችልም።

ሦስተኛ፣ የአካባቢው አናጢ ወደ ክፍል ይጋበዝ። ስለ እንጨት ጠባይ፣ መቼ እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚደርቅ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እርሱ ዕውቀቱን ሲያካፍል ትምህርት ቤቱም ማዕዘኑን ያካፍለው። መጋበዙ ራሱ፣ ልጆች እያዩ መምህር ተብሎ መጠራቱ፣ የቆየውን ንቀት ለማስወገድ ከዐዋጅ ይልቅ ይረዳል።

አራተኛ፣ የተማሪው ውጤት በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይለካ። የሠራው መጋጠሚያ ያለ ምስማርና ያለ ኮላ ተነሥቶ፣ ተገልብጦ፣ ተወዝውዞ ካልለቀቀ አልፏል፤ ከለቀቀም የለቀቀበትን ምክንያት በማዕዘኑ ፈልጎ ያሳይ።

መደምደሚያ

አባቶቻችን እንጨትን በድንጋይ ክብደት አጸኑት፤ ድንጋዩ በሌለበት በጠፍርና በሽብልቅ አሰሩት። ሁለቱም ለዘመናቸውና ለሥራቸው የተስማሙ ብልሃቶች ነበሩ። እኛ ጠፍሩን ፈታን፤ በምትኩ ምስማር መታን፤ ምስማሩም አልያዘልንም። የቀረን መንገድ መጋጠሚያው በገዛ ልኩ እንዲጸና ማድረግ ነው፤ ለዚህም መሮው መሪ ያስፈልገዋል።

ሽማግሌው አናጢ ልጃቸው በእርሳቸው ዓይን ሊያይ እንደማይችል ሲናገሩ የነገሩን እውነት ነው። ትንሹ ማዕዘን ግን ማንም ሊይዘው የሚችል ዓይን ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከመምህር ወደ አርባ ተማሪ ይተላለፋል። ከክፍሉ ጀርባ የተከመሩት ዴስኮችም ለማገዶ ከመሄዳቸው በፊት የመጀመሪያው ትምህርት መሥሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። እንጨቱ አለ፤ መሮውም አለ፤ ልጆቹም በዚያው ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።